ኮሚሽኑ ጥያቄ አይቀበልም፦ አንድ የሴራ ፊልም በደሴ ተመልካቾች ፊት

ይህ የጉዳይ ጥናት አንድ ፊልምን፣ አንድ ምሽትንና በአንድ ሳሎን የተሰበሰቡ ጥቂት ተመልካቾችን ይመለከታል። ፊልሙ አለን ጄ. ፓኩላ ያዘጋጀውና ዋረን ቢቲ የተወነበት «ዘ ፓራላክስ ቪው» ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጁን 1974፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1966 ዓ.ም. ነው። ቦታው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ያለ የአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ነው፤ ጊዜውም ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ከቤት መውጣት የሚያስጠላበት የነሐሴ ምሽት ነበር። ለማወቅ የፈለግሁት፣ ተመልካቹን ሁሉንም ነገር እንዲጠራጠር አድርጎ የሚሸኝ ፊልም፣ በእርግጥም የተደበቀ ነገር በደረሰበት አገር ሰዎች ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ነው። ወሎ እንዲህ ያለ አገር ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ ሰው ሲፈጅ መንግሥት ዝም ማለቱን እዚህ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሟቾቹ ቁጥር ግምት ግን እስከ ዛሬ ከ40,000 እስከ 200,000 እየዋዠቀ ይጠቀሳል።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ሲያትል ከተማ ባለው ረጅም ማማ ላይ አንድ ሴናተር በአሜሪካ የነጻነት በዓል ቀን ይገደላል። ጨለማ በዋጠው ሰፊ ክፍል ውስጥ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ የአጣሪ ኮሚሽን አባላት፣ ገዳዩ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነና ሴራ የሚባል ነገር እንደሌለ ያስታውቃሉ፤ ጥያቄም አይቀበሉም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ግድያውን በቦታው ሆና ያየች የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆ ፍራዲ ወደሚባል የጋዜጣ ዘጋቢ እየተንቀጠቀጠች መጥታ፣ የዓይን ምስክሮቹ አንድ በአንድ እየሞቱ መሆናቸውንና ተራው የእሷ እንደሆነ ትነግረዋለች። አያምናትም። ወዲያው አስከሬኗን እናያለን። ፍራዲ ነገሩን ሲከታተል ፓራላክስ ኮርፖሬሽን በሚባል፣ ነፍሰ ገዳይ እየመለመለ በሚያከራይ ድርጅት ላይ ይደርሳል፤ በሐሰተኛ ስምም ለመቀጠር ያመለክታል። በመጨረሻ ሌላ ሴናተር ይገደልና ገዳይ ተብሎ የሚመዘገበው ራሱ ፍራዲ ይሆናል። ሌላ ኮሚሽን ያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያንኑ መግለጫ ያነባል።

የፊልሙ ጥርጣሬ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1963 ዳላስ ላይ ተገድለው፣ የዋረን ኮሚሽን በሴፕቴምበር 1964 ገዳዩ ብቻውን ነው ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወር ልዩነት ተገደሉ። ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ወር ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር አጠገቡ ብናስቀምጠው፣ ፊልሙ ለእይታ በበቃበት በዚያው ሰኔ፣ ወሩ ሳያልቅ፣ ደርግ አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሟል። አንዱ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ይሁንና በዚያ ምሽት ይህን ቀን ከተናገርኩ በኋላ ከተገኙት ወጣቶች አንዱ «እንዴት አይገናኝም?» ብሎ ቀና ማለቱን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ተመልካቾቹ

የቤቱን ባለቤት ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከእሳቸው ጎን የተቀመጡት «እትዬ» በወጣትነታቸው ድሬሰር ሆነው በረሃቡ ጊዜ በመጠለያ ጣቢያ የሠሩ ናቸው። ሐጂ ከአባታቸው የወረሱትን የእህል ንግድ አሁንም አልተዉም። ከወጣቶቹ መካከል የሕግ ተማሪ፣ ፒያሳ ላይ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለው ልጅና ጥቂት የእሱ ጓደኞች ነበሩ። ፊልሙ የአማርኛ ጽሑፍ ስላልነበረው እንግሊዝኛ የሚቀናው አንድ ልጅ እያቆመ እንዲያስረዳ ተስማምተናል። እነዚህ ሰዎች የደሴን ሕዝብ ይወክላሉ ብዬ አልከራከርም፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ ቡና አብረው የሚጠጡ ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙም የደረሳቸው በአንድ ልጅ አንደበት ተጣርቶ ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ገና አቦል ሳይቀዳ ታየ። ወጣቶቹ ከፊልሙ ቀድመው ይሮጡ ነበር። ሸሪፉ (የአካባቢው የፖሊስ ሹም) ገና ሲታይ «ይሄ ከነሱ ጋ ነው» አሉ፤ ልክ ነበሩ። የፍራዲ አለቃ ሲታይም እንዲሁ አሉ፤ በዚህ ተሳስተዋል። የሞባይል ጠጋኙ ራሱን ፍራዲን መጠርጠር የጀመረው ከሁሉም ቀድሞ ሲሆን ምክንያቱን ሲጠየቅ «በዚህ ሁሉ ውስጥ ካልሞተ የሆነ ሰው ይዞታል ማለት ነው» ብሎ መለሰ። ጠለቅ ብለን ካየነው ይህ የፊልሙ መጨረሻ ነው፤ ፍራዲ ድርጅቱን ሰርጎ የገባ ሲመስለው፣ ለካ ድርጅቱ ለወንጀሉ ተጠያቂ የሚሆንለትን ሰው እያዘጋጀ ነበር። ሽማግሌዎቹ በተቃራኒው ማንንም አልጠረጠሩም። እትዬ የሚጠይቁት ስለ ሟቾቹ ነበር፤ ጋዜጠኛዋ ልጆች እንዳሏት፣ ማን እንደቀበራት።

የፍራዲ አለቃ ያዘዘውን ምግብ ያመጣለት ሰው መርዞት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ በተገኘበት ትዕይንት ላይ መብራት ሄደ። በነሐሴ ደሴ ላይ መብራት መሄዱ ወሬም አይደለም። አንዱ «ፓራላክስ ደረሰብን!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሞባይል ጠጋኙ ግን አልሳቀም፤ ተነስቶ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ የጎረቤቱን መስኮት አየና «የሁሉም ጠፍቷል» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ይህን የማነሳው ልጁን ለማሳጣት አይደለም። እሱና ጓደኞቹ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴ ውስጥ ነበሩ። ከተማዋ በማን እጅ እንዳለች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ መግለጫዎች ይሰሙ ነበር፤ ስልክ ተቋርጦ ሰው የሚኖረውም ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፍ ወሬ ነበር። መግለጫ ሰምቶ አምኖ የተቀመጠና ተጠራጥሮ ሌሊቱን የወጣ ሰው የገጠማቸው ዕጣ የተለያየ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ወቅት ያደገ ሰው መጋረጃ ገልጦ ቢያይ በሽታ ሳይሆን ልምድ ነው፤ ችግሩ ልምዱ መብራት ኃይልንም ኮርፖሬሽንንም በአንድ ዓይን ማየት ሲጀምር ነው።

አምስቱ ደቂቃዎች

የፊልሙ እምብርት፣ በእኔ ግምትም ዛሬ ድረስ ያላረጀው ክፍል፣ የፓራላክስ ፈተና ነው። (ግድቡ ላይ ያለው ድብድብና የመኪናው ሩጫ ቢቆረጥ የሚጎድል ነገር የለም።) ፍራዲ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን በግራና በቀኝ ባሉት መለኪያዎች ላይ አሳርፎ ተከታታይ ምስሎችን እንዲያይ ይደረጋል። ለአምስት ደቂቃ ያህል እኛም ከእሱ ጋር ተፈታኝ እንሆናለን፤ ካሜራው ወደ ፊቱ ስለማይመለስ ፈተናው በቀጥታ የሚቀርበው ለእኛው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቃል ይወጣል፤ ከቃሉ ቀጥሎ ፎቶግራፎች ይመጣሉ። መጀመሪያ ሁሉም በቦታው ነው፤ ከፍቅር ጋር ጥንዶች፣ ከእናት ጋር ሽማግሌ ሴት፣ ከአገር ጋር ባንዲራ፣ ከጠላት ጋር ሂትለር። ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው። ቀስ በቀስ ግን ምስሎቹ ከቃላቸው ይለያያሉ፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የጠላት የነበረው ምስል አገር ከሚለው ቃል ሥር፣ የአባት የነበረው ከጠላት ሥር ይገኛል። «እኔ» የሚለው ቃል ያለፋታ ይመላለሳል።

የሚያስተረጉመው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ጥርት አድርጎ አነበበ፤ «ፍቅር»፣ «እናት»፣ «አባት»፣ «እኔ»። ምስሎቹ ሲጣደፉ ድምፁም አብሮ ተጣደፈ። በመጨረሻ «አልደረስኩባቸውም» ብሎ ዝም አለ። ማንም አንብብ አላለውም፤ ፊልሙን አቁም ያለም የለም። በዚያ ምሽት ያለ አስተርጓሚ የታየው ይህ ክፍል ብቻ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሰዎቹን የያዛቸውም እሱ ነው።

ሲያልቅ ጋሼ «ይኼን እኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «ፊልሙን ማለቴ አይደለም።»

የሚሉት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎና በትግራይ ረሃብ ላይ ሠርቶት በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ብሪታንያ ውስጥ የተላለፈውን ፊልም፣ ደርግ በቤተ መንግሥት የግብዣና የድግስ ምስሎች እያቆራረጠ ለአገሬው ሕዝብ አሳየው። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ከዚያ ኬክ፤ አፈር የለበሰ አስከሬን፣ ከዚያ የሻምፓኝ ብርጭቆ። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረዳቸው ተነግሯቸው በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ጋሼ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ተማሪ ስለነበሩ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቆመው አይተውታል። «አልቅሻለሁ» አሉ፤ «ከዚያ ግን ንዴት ነው የያዘኝ። ንዴቱ ከየትኛው ምስል እንደመጣ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ከመሃላቸው ነው የመጣው።»

የፊልም ትምህርት ቤት መጻሕፍት ስለ ምስል ቅንብር በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን ጋሼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። የሕፃኑ ምስል እውነት ነበር፤ የድግሱም ምስል እውነት ነበር። የተሠራው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የሕግ ተማሪው ወዲያው «ታዲያ ውሸት ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጋሼ «ውሸትማ አልነበረም፤ ሰዎቹ እየሞቱ ሲደገስ ነበር» አሉ። ለማን ጥቅም እንደተቀናበረ ማወቅ የተቀናበረውን ነገር ሐሰት አያደርገውም፤ እውነት መሆኑም አቀናባሪውን ንጹሕ አያደርገውም። የፓኩላ ፊልም እዚህ ጥያቄ ላይ አይደርስም፤ በእሱ ዓለም ምስሉን የሚያቀናብረው ክፉ ድርጅት ነው፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል።

እህሉን ማን ወሰደው?

እትዬ እስከዚህ ድረስ ብዙ አልተናገሩም። «እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም፤ ሰዎቹን ነው ያየሁት» ብለው ጀመሩ። ቅሬታቸው ረሃቡ ሁልጊዜ «የተደበቀው» እየተባለ መጠራቱ ላይ ነው። «ምኑ ነው የተደበቀ? አስፋልት ዳር ነው የወደቁት። መኪና ሲያልፍ እጃቸውን ይዘረጉ ነበር።»

ልክ ናቸው። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አስመራ የሚወስደው ዋና መንገድ በ1965 ዓ.ም. የተራበ ሰው የሚሰበሰብበት መንገድ ነበር፤ የመንግሥት ሹማምንትም የውጭ አገር ባለሙያዎችም ይመላለሱበት ነበር። የዝናብ መታጣትና የሰብል መጥፋት ሪፖርት ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት ይሄድ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ግቢ ውስጥ አሳይተዋል። የውጭ ዕርዳታ ድርጅቶች ሰዎችም ያውቁ ነበር፤ መንግሥትን ላለማስቀየም ግን ዝምታን መረጡ። እንግዲህ መደበቅ ማለት ይህ ነው። የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከእሱ በላይ ያለው እስኪናገር ሲጠብቅ፣ ከሁሉም በላይ ያለው ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይነገረውም። ጨለማ ክፍል፣ የይለፍ ቃልና መርዝ አላስፈለገም።

ይህን ሳስረዳ የሞባይል ጠጋኙ አልተዋጠለትም። እህል ነበረ፣ ሰው ግን ሞተ፤ ስለዚህ የሆነ ሰው ወስዶታል ይላል። እዚህ ላይ ሐጂ ገቡ።

«እህሉማ ነበረ ልጄ። ገዢ ነው የጠፋው።»

«ገዢ ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው ሐጂ? እህሉን ማን ወሰደው?»

«ብር ያለበት አገር ወሰደው።»

ሐጂ ይህን የሰሙት ከአባታቸው ነው፤ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የደረሱበትም ይኸው ነው። በወሎ ረሃብ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል እንኳ ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር መግዣ አልነበራቸውም፤ ገዢ በሌለበት ዋጋ አይንርም፤ ነጋዴውም ዋጋ ወዳለበት ጫነ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ወንጀለኛ ፈልጉ ብትባሉ ብዙ ጥፋተኛ ታገኛላችሁ፤ ሴረኛ ግን አታገኙም።

ልጁ ዝም አለ እንጂ አልተቀበለም፤ ለምን እንዳልተቀበለ ይገባኛል። የሴራ ፊልም ያስፈራል ይባላል፤ እኔ ግን በዚህ ምሽት ካየሁት ተነስቼ የሚያጽናና ዘርፍ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ፓራላክስ ቢሮ አለው፤ የማመልከቻ ቅጽ አለው፤ የሚቀጥር ሠራተኛ አለው። ክፋቱ አድራሻ ስላለው አንድ ጋዜጠኛ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዊትሰንና ጋሊንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ባደረጉት ሙከራ፣ ነገሮች ከቁጥጥራቸው ውጭ እንደሆኑ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች ትርጉም በሌለው የነጠብጣብ ምስል ውስጥ ቅርጽ አይተዋል፤ ባልተያያዙ ክስተቶች መካከልም ሴራ ተመልክተዋል። «ብር ያለበት አገር ወሰደው» የሚለው መልስ ግን በር የለውም፤ የሚንኳኳ ነገር አይሰጥም። ለዚህ ነው ከፓራላክስ ይልቅ የሐጂ መልስ ቤቱን ያቀዘቀዘው።

ሁለት ኮሚሽኖች

በፊልሙ መጨረሻ ሴናተሩ የተመታበት ትንሽ መኪና ሹፌር አልባ ሆኖ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከተደረደሩት ጠረጴዛዎች ጋር እየተላተመ ይሄዳል፤ ፍራዲ ጣሪያው ሥር ካለው መተላለፊያ ሆኖ ያያል። ብርሃን ወዳለበት በር ሲሮጥ በሩ ላይ የቆመ ሰው ይተኩስበታል። ኮሚሽኑ ይመለሳል፤ ፍራዲ ብቻውን ነው ገዳዩ፤ ጥያቄ የለም። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ ያጨበጨቡት ተደስተው አይደለም፤ የጠበቁት ስለሆነላቸው ነው። «በቃ እንዲህ ነው የሚጨርሱት» አለ የሕግ ተማሪው።

ጋሼ እዚህ ላይ የተናገሩት ነገር ለጥናቴ ትልቁን ፍሬ ሰጥቶታል። «የነሱ ኮሚሽን ቶሎ ጨረሰ፤ የእኛው እንዲጨርስ እንኳ አልተፈቀደለትም» አሉ። የቀድሞ ባለሥልጣናትን አስተዳደርና የወሎን ረሃብ ጭምር እንዲመረምር በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ቃል እየተቀበለ ሳለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተረሸኑ። ማን ምን ያውቅ ነበር፣ መቼ አወቀ፣ ለማን ነገረ የሚለው ጥያቄ ሊመልሱት ከሚችሉት ሰዎች ብዙዎቹ ጋር ተቀበረ። የፓኩላ ኮሚሽን የሚያስፈራው መልስ ስለሚሰጥ ነው፤ ጋሼን የሚያሳዝናቸው ግን መልስ ሳይሰጥ የቀረው ነው። አሜሪካኖቹ ቢያንስ የራሳቸውን መዝገብ ደግመው ከፍተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የምክር ቤት ኮሚቴ ኬኔዲ «ምናልባት» በሴራ ተገድለዋል ብሎ ደምድሞ፣ ድምዳሜው የተመሠረተበት የድምፅ ቅጂ ማስረጃ ደግሞ በ1982 በሳይንቲስቶች ውድቅ ተደርጓል። የተዘጋ መዝገብ ሊከፈት ይችላል፤ ያልተጻፈ መዝገብ ግን የሚሞላው ሹክሹክታ ነው፤ ወሎ ውስጥ ስለ ረሃቡ የሚነገሩት ብዙ የማይጨበጡ ታሪኮች ከዚህ ክፍተት የመጡ ይመስለኛል።

ከምሽቱ በኋላ

የሴራ ፊልም ተመልካቹን ምን እንደሚያደርገው የተለካበት አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የበትለር፣ የኩፕማንና የዚምባርዶ ጥናት፣ በኬኔዲ ግድያ ላይ የተሠራውን የኦሊቨር ስቶን ፊልም ሊያዩ የሚገቡትንና አይተው የሚወጡትን ሰዎች አነጻጽሯል። የወጡት የበለጠ ተናደዋል፤ በሴራው የበለጠ አምነዋል፤ ድምፅ የመስጠትና ለፖለቲካ ገንዘብ የማዋጣት ፍላጎታቸው ግን ቀንሷል። ንዴቱ ወደ ተግባር አልተለወጠም፤ ሰዎቹን እጃቸውን አጣምረው እንዲቀመጡ አደረጋቸው።

ደሴ ላይ ያየሁት ከዚህ ግኝት ጋር በከፊል ይገጥማል። የሞባይል ጠጋኙ ከሳምንት በኋላ ሱቁ ስሄድ «ምንም ብታደርግ ዋጋ የለውም፤ ያው ጠረጴዛው ላይ ያሉት ናቸው የሚጽፉት» ብሎ ፊልሙን ጠቅልሎ ገልጾልኛል፤ እየተናገረም የአንድ ስልክ ክዳን በትንሽ ጉጠት እየፈታ ነበር። የሕግ ተማሪው ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ጋሼ ያሉትን ይዞ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ከመረሸናቸው በፊት በእስር ቤት ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉትን ጽሑፍ ፈልጎ አግኝቷል፤ ስለ ወሎ የሚነካ ነገር ይኖረው እንደሆነ እያሰመረ እያነበበው ነው። እትዬን ቃላቸውን እንዲሰጡት ጠይቋቸው፣ እሳቸውም «ከመስቀል በኋላ ና፤ አሁን ይበርዳል» ብለውታል። ሁለቱ ወጣቶች ፊልሙን ያዩት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ስለሆነ ልዩነቱን በፊልሙ ብቻ ላስረዳ አልችልም፤ ልዩነት ያመጣው ነገር ካለ፣ አንዱ ከፊልሙ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ማግኘቱ ነው እላለሁ።

ተማሪው ያገኘውን ጽሑፍ ይዞ ወደ ሱቁ ሄዶ ለጓደኛው አሳይቶታል። ጠጋኙ ሽፋኑን አገላብጦ አይቶ «እሱን ያሳተመውስ ማን ነው?» አለው። ተማሪው ጥያቄው ተገቢ እንደሆነ ነግሮኛል፤ የአሳታሚውንም ስም ማስታወሻው ላይ ጽፎታል።